የመዝጊያ ቀን ዋጋ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የክር ፋብሪካው የጽዳት ሠራተኛ የሰነድ ክፍሉን ከፍታ መብራቱን ስታበራ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋን ከብረት ደረጃው ሥር በጀርባዋ ተንጋላ አገኘቻት። መጀመሪያ የታመመች መስሏት ጠራቻት። ቀጥላ እጇን ነካች። ከዚያ ባልዲዋን እዚያው ጥላ ወደ ጥበቃ ቤቱ ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ወልቆ መተላለፊያው ላይ ቀረ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ሁሉንም ወደ ኋላ መልሶ ብቻውን ገባ። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያው መዝገብ የተደረደረበት፣ መሃሉ ላይ ወደ ላይኛው መደርደሪያ የሚያወጣ ባለ ዘጠኝ እርከን የብረት ደረጃ ያለበት። የሟች ራስ የታችኛውን እርከን ጠርዝ ተንተርሷል። የጥበቃ አለቃው ነገሩን ቀድሞ ጨርሶት ነበር። ቅዳሜ ብቻዋን ገባች፣ መዝገብ ልታወርድ ወጣች፣ እግሯ ከዳት፣ ወደቀች። ፈረቃ ሲቀያየር ተረኞቹ የወጣች መሰላቸው። በበር መዝገቡ ላይ ከእሷ ሌላ ወደ ቢሮው ሕንፃ የገባ ሰው እንደሌለ ገልጦ አሳየው።

ኢንስፔክተሩም ሊቀበለው ምንም አልቀረው። ከሰዓት በኋላ ግን ሐኪሙ ደወለ። ሴትዮዋ የሞተችው ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የገደላት የራስ ቅሏ ስብራት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ክንዶቿ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የአውራ ጣት አሻራ የሚያህል የበለዘ ምልክት አለ። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጨምድዶ ይዟታል።

«ሌላም አለ» አለ ሐኪሙ፤ «ወዲያው አልሞተችም። አንድ ሰዓት ገደማ በሕይወት ቆይታለች። ሰው ደርሶላት ቢሆን ምናልባት ትተርፍ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘጋ። ፋብሪካውን ያውቀዋል። ታላቅ እህቱ የክር መፍተያው አዳራሽ ውስጥ አርባ ዓመት ሠርታለች። አባትና እናታቸው ሲሞቱ እሱ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለዚህ መለዮ ያበቃችው ከዚያ አዳራሽ በምታገኘው ደመወዝ ነው። ዛሬም በሃምሳ ሁለት ዓመቱ «ማሙዬ» ነው የምትለው።

*

ሟችን ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ሳንቲም» ይሏታል። አንዲት ሳንቲም ከጎደለች ወይም ከበዛች ምሳ አትበላም፣ ሌላውንም አታስበላም። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ከወላጆቿ የወረሰችው ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ይህን ሁሉ ለኢንስፔክተሩ የነገረው የሂሳብ ክፍሉ ምክትል ኃላፊ ነው። ፋብሪካው ከተቋቋመ ጀምሮ የነበረ፣ ሥራ አስኪያጁም ዘበኛውም «ጋሼ» የሚሉት ሰው። ለጡረታው ስምንት ወር ቀርቶታል። ኮቱ በጊዜ ብዛት ክርኑ ላይ አልቋል፣ ሸሚዙ ግን በደንብ ተተኩሷል። ሳንቲምን ከትምህርት ቤት እንደወጣች ተቀብሎ ሥራ ያስተማራት እሱ ነው። ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ መሀረቡን አውጥቶ መነጽሩን ጠረገ እንጂ ዓይኑን አልነካም።

ቅዳሜ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ሳይቸኩል መለሰ። ቤቱ ነበር። ሚስቱ ከአልጋ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቅዳሜና እሑድ የሚያስታምማት እሱ ነው። ሳንቲም ጠላት እንዳላት ሲጠየቅ ግን ቶሎ አልመለሰም። በመጨረሻ፣ ከወንድሟ ጋር በቤት ውርስ እንደሚካሰሱ፣ ዓርብ ዕለትም ወንድምየው በስልክ ሲጮህባት ቢሮው በሙሉ እንደሰማ ነገረው።

ወንድምየው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ኢንስፔክተሩ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ጎማ ሲፈትሽ አገኘው። አዎ፣ ጮሆባታል። አዎ፣ ቤቱን ካልሸጥሽ ዓይንሽን አላይም ብሏታል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ከከተማው መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከተፈቀደው በላይ ሰው ጭኖ ትራፊክ ይቀጣው ነበር። የቅጣት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ ሰዓቱም ፊርማውም ትክክል ነው። ኢንስፔክተሩ መልሶ ሲሰጠው ሰውየው ወረቀቱን መቀበል አቃተው። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«እሑድ ልደውልላት ብዬ ነበር» አለ። «ትለምነኝ ብዬ ተውኩት።»

ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር አስታወሰ። ያን ዓርብ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት እህቱ እንዲህ ብላዋለች፦ ቅዳሜ አንድ ቁጥር ይመጣል፣ እሱን ከጨረስኩ በኋላ ስለ ቤቱ ተረጋግተን እንነጋገራለን።

*

ምን ቁጥር? ነገሩ ኢንስፔክተሩን ከነከነው። የሳንቲም ኮምፒውተር ተቆልፏል፤ የፖሊስ መምሪያው ባለሙያ ለመክፈት ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። ጠረጴዛዋ ላይ ግን አንድ ወፍራም ማህደር አለ፤ ሽፋኑ ላይ በእጇ ጽሕፈት «የወለድ መከላከያ ውል» ተብሎበታል። ያለፉት አስራ አንድ ሩብ ዓመታት ቅጾች በየተራቸው ታስረውበታል። የዚህ ሩብ ዓመት ቦታ ባዶ ነው። የዚህኛው ቅጽ የተገኘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው፤ በጋሼ እጅ ተሞልቶ፣ በጋሼ ተፈርሞ፣ የዓርብ ቀን ተጽፎበት።

ጋሼ ስለ ቅጹ ሲጠየቅም አልደነገጠም። ሳንቲም ሥራ ስለበዛባት እሱ ዓርብ ከቀትር በፊት ሞልቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ስላልነበሩ በበራቸው ሥር አስገብቶት መሄዱን ነገረው።

ኢንስፔክተሩ ማህደሩንም ቅጹንም ይዞ ፋብሪካውን በየዓመቱ ወደምትመረምረው የውጭ ኦዲተር ዘንድ ሄደ። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ሂሳብ እንደማይገባው ሲነግራት ወንበሯን አስጠግታ እንደ ልጅ አስረዳችው። ፋብሪካው ማሽን ሊገዛ ከውጭ ባንክ፣ በውጭ ገንዘብ ተበድሯል። የብድሩ ወለድ እንደ ገበያው ይወጣል ይወርዳል። ወለዱ ቢያሻቅብ እንዳይሰምጥ ከሌላ ባንክ ጋር የመከላከያ ውል ገባ፦ ፋብሪካው ቁርጥ ያለ ወለድ ይከፍላል፣ ያ ባንክ ደግሞ ተለዋዋጩን ይሸፍንለታል።

«ወለዱ ቢወጣ ይጠቀሙ ነበር» አለች። «ወረደ። ገበያው በርካሽ እያበደረ እነሱ በውድ ይከፍላሉ። ስለዚህ ውሉ ራሱ ዕዳ ሆነ።»

«ስንት?»

«ጥያቄው እሱ ነው። በስንት ገቡበት አይባልም። ዛሬ ከዚህ ውል ውጡ ቢባሉ ምን ያህል ይከፍላሉ ነው የሚባለው። ትክክለኛ ዋጋ የምንለው ይኼን ነው። ብድሩ ራሱ መዝገብ ላይ በነበረበት ይቀመጣል፤ የመከላከያው ውል ግን በየሩብ ዓመቱ መዝጊያ በዕለቱ ዋጋ ይተመናል።»

ቅጹን አንስታ ስታነብ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ውሉ ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ኪሳራ አለው ይላል። ካልኩሌተሯን አንስታ ለአንድ ሰዓት ያህል ስታሰላ ኢንስፔክተሩ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጠበቃት። እውነተኛው ኪሳራ ሰማንያ አራት ሚሊዮን ነው። ቅጹን የሞላው ሰው የወለድ ተመኑን የዛሬ ስድስት ወሩን አስገብቷል።

«እና ልዩነቱ ማንን ይጎዳል?»

«ሁሉንም። የብድር ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ የኩባንያው ሀብት ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ አበዳሪው ሙሉ ብድሩን ባንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። በሠላሳ አንዱ ይተርፋሉ። በሰማንያ አራቱ ግን አይተርፉም።»

*

ሥራ አስኪያጁ ሊክድ እንኳ አልሞከረም። ወለሉ ምንጣፍ በለበሰ፣ የማሽኑ ጩኸት በማይሰማበት ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ እየደጋገመ ሰዓቱን ይመለከት ነበር። አዎ፣ ሳንቲምን የድሮውን ተመን አስገቢ ብሏታል። እምቢ ብላዋለች። ተቆጥቷታል፣ እንደሚያባርራትም ነግሯታል። ቅዳሜ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ ከአበዳሪው ባንክ ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበር። ስድስት ምስክር አለው። ኢንስፔክተሩ ስድስቱንም ጠይቋል፤ ሰውየው ለሽንት እንኳ ብቻውን አልወጣም።

«ሰኞ ጠዋት ቅጹ በበሬ ሥር ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የምፈልገው ቁጥር ተጽፎበት። ጋሼ ፈርመውበታል።»

«እሷ እምቢ ያለችውን እሳቸው ለምን እንደፈረሙ አልጠየቁም?»

«ለምን እጠይቃለሁ?»

ኢንስፔክተሩ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ አፉ መሮት ነበር። ሰውየው አልገደለም፣ በሕግም ምንም ላይደርስበት ይችላል፤ ግን የሠራተኛዋን ሬሳ ከማንሳታቸው በፊት ቁጥሩን አንስቶ ኪሱ ከቷል።

መኪናው ውስጥ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። ኦዲተሯ ናት። ቅጹን ደግማ አይታዋለች። ውሉ በውጭ ገንዘብ ስለሆነ ኪሳራው በመዝጊያው ቀን ምንዛሪ ነው የሚመነዘረው፤ የአገር ውስጥ ባንካቸው የመዝጊያ ምንዛሪውን ለደንበኞቹና ለኦዲተሮቻቸው በኢሜይል ይልካል። ይህ ሩብ ዓመት የተዘጋው ቅዳሜ ነው። ኢሜይሉ የመጣው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ነው፤ ለእሷም ደርሷታል።

«ቅጹ ላይ ያለው ቀን ዓርብ ነው» አለች። «ምንዛሪው ግን የቅዳሜው ነው። እስከ አራተኛው የነጥብ አኃዝ። ያ ቁጥር ዓርብ ዕለት በዓለም ላይ አልነበረም።»

ኢንስፔክተሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። የሐሰት ቅጽ የሚሞላ ሰው አንዱን መስመር አጭበርብሮ ሌላውን እንዲህ ለምን ያጠራል? ከዚያ የጋሼ የተተኮሰ ሸሚዝ ትዝ አለው።

*

የቢሮውን ሕንፃ ከክር መፍተያው ጋር የሚያገናኝ አንድ የኋላ በር አለ። ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ዘንድ ነው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የጥበቃ አለቃው፣ ጋሼ። በሠራተኛው በር የገባ ሰው አዳራሹን አቋርጦ፣ የበር መዝገብ ሳይነካው ቢሮ ይደርሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በፈረቃው ላይ የነበረችው የኢንስፔክተሩ እህት ናት።

ቤቷ ሲሄድ ልብስ እያጠበች ነበር። ጠየቃት። እጇን ከውሃው ሳታወጣ፣ እኔ ክሩን ነው እንጂ ሰው አላይም አለችው።

«እትዬ።»

 ሸሚዙን ጨመቀችው፣ አራገፈችው፣ ሰጣችው። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ነገረችው። አይታዋለች። ጋሼ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በማሽኖቹ መካከል አልፎ ሄደ፤ እንደ ወትሮው እጁን አንስቶ ሰላም አላት። ሲመለስ አላየችውም። ይህን ከነገረችው በኋላ አንድ ልመና ብቻ ለመነችው። ልጇ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ የሦስት ወር ደመወዟን በቅድሚያ ያሰጣት እሱ ነው። በእሷ ቃል ያ ሰው እንዳይታሰር።

«በአንቺ ቃል አይታሰርም» አላት። የምንዛሪውን ነገር አልነገራትም።

*

ጋሼ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ነቅታ ነበር። ትራስ ተደግፋ፣ ጸጉሯ ተበጥሮ ተጎንጉኗል፤ ማን እንዳበጠራት ግልጽ ነው። ኢንስፔክተሩን በደስታ ተቀበለችው። ባሏ ቅዳሜ አጠገቧ እንደነበረ ነገረችው፤ ምሳ ካበላት በኋላ መድኃኒቷን ሰጣት፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ ያው ወንበር ላይ ነበር። ስንት ሰዓት ነቃች? መሸትሸት ብሎ ነበር። መድኃኒቱ እንደሚያስተኛት ራሷ ነገረችው። የምትመሰክርበት አልመሰላትም።

ሁለቱ ሰዎች ወደ ሌላው ክፍል ተሻገሩ። ኢንስፔክተሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጣቱን ምንዛሪው ላይ አኖረ።

«ይኼ ቁጥር የመጣው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«የዓርቡን ጽፌ ነበር» አለ። «ከዚያ ሠረዝኩትና የቅዳሜውን ከእሷ ቅጽ ወስጄ በሌላ ቅጽ ገለበጥኩት። የመዝጊያ ምንዛሪ የመዝጊያ ቀን ነው መሆን ያለበት። እጄ እምቢ አለኝ።»

የቀረውን ሳይጠየቅ ተናገረ። ቅዳሜ የሄደው ሊለምናት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አልላከውም፣ ማንም አልላከውም። የሰነድ ክፍሉ የላይኛው እርከን ላይ መዝገብ ስታገላብጥ አገኛት። አንድ ሩብ ዓመት ብቻ ታገሺ አላት። ወለዱ ይመለሳል፣ በሦስት ወር ውስጥ ይመለሳል፣ ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ስድስት መቶ ሠራተኛ አለ፤ ለእያንዳንዱ ደመወዝ የምንከፍል እኛ ነን፣ ቤታቸውን እናውቀዋለን። እሷም፣ ጋሼ፣ ዋጋው የዛሬው ነው፣ የሚመጣውን እኔ አላውቅም፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ አለችው። ያን ጊዜ አልፋው ልትወርድ ስትል ወደ ራሱ አዙሮ ክንዶቿን ያዛት። ወዘወዛት። ልታመልጥ ወደ ኋላ ስባ ስትላቀቅ ከኋላዋ ደረጃው ነበር።

ኢንስፔክተሩ ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለገም። ጠየቀ።

«ስትወድቅ ትተነፍስ ነበር?»

«ትተነፍስ ነበር።»

«ስልክ አጠገብዎ ነበር።»

«ነበር።» ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጋጠመ። «አንስቼው ነበር። ከዚያ፣ ከዳነች ቅጹን ታስገባለች ብዬ አሰብኩ። መልሼ አስቀመጥኩት። ቁጭ ብዬ የኔን ቅጽ ሞላሁ። ስጨርስ ሄጄ አየኋት። ያኔ በሕይወት አልነበረችም።»

ከመሳቢያው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። የሳንቲም ቅጽ ነው፤ ሰማንያ አራት ሚሊዮን፣ ንጹሕ በሆነው ጽሕፈቷ። ለምን እንዳላቃጠለው ሲጠየቅ ግራ እንደገባው ሰው ቀና አለ። ሰነድ ማጥፋት ለምዶበት አያውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ለሚስቱ ውሃ ሰጥቶ፣ ትራሷን አስተካክሎ እንዲወጣ። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሽማግሌው ሚስቱን፣ ቢሮ ጠርተውኛል፣ ጎረቤቷ ትመጣለች አላት። እሷም ኮትህን ልበስ፣ ይበርዳል አለችው።

*

እውነተኛው ቅጽ የምርመራ ሰነድ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ለኦዲተሯ፣ ከኦዲተሯ ለአበዳሪው ባንክ ደረሰ። ባንኩ አንቀጹን መዝዞ ሙሉ ብድሩን ጠየቀ። በአምስተኛው ሳምንት ማሽኖቹ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ኩባንያ ተቀጠረ። የጋሼ ሚስት ባሏ በታሰረ በአርባ ቀኑ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ የተገኙት አብዛኞቹ ከሥራ የተባረሩ ፈታዮች ነበሩ።

በአራተኛው ወር ኢንስፔክተሩ ኦዲተሯን መንገድ ላይ አገኛት። ጥቂት ካወሩ በኋላ፣ መናገሩን እንደጠላ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወለዱ ከባለፈው ወር ጀምሮ እንዳሻቀበ ነገረችው። ውሉ ዛሬ ቢተመን ኪሳራው አስራ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም።

«ታዲያ ጋሼ ልክ ነበሩ?»

«ግምታቸው ልክ ነበር» አለች። «ሂሳባቸው ግን ውሸት ነበር።» ከዚያ ታክሲ አስቁማ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ደመወዙን ተቀብሎ እህቱ ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ነው የተያዩት። ስትከፍትለት ግባ አላለችውም፤ አልከለከለችውም ግን። አንዱን ክፍል አከራይታለች፤ የቤቱ ዕቃ ግድግዳው ሥር ተከምሯል። ሥራ አግኝታ እንደሆነ ጠየቃት። አላገኘችም። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ማን ይቀጥራታል። ስለ ጋሼ አንድም ቃል አላነሱም።

ከመውጣቱ በፊት ፖስታውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንደማትቀበለው አስቦ የሚላትን ቃል ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን አነሳችው። ከፍታ፣ ጣቷን በምላሷ እያራሰች፣ ፊቱ ቆማ እስከ መጨረሻዋ ብር ቆጠረችው። በሕይወት ዘመኗ ከእሱ እጅ የተቀበለችውን ቆጥራ አታውቅም። ከዚያ ከልጇ ደብተር ላይ አንድ ቅጠል ቀደደች፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፈች፣ ፈረመችበት።

«መቼ ልመልስልህ?» አለችው።

«እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ቀን ንገረኝ» አለች። እስክሪብቶውን እንደያዘች ጠበቀችው።